መዝገብ ላይ ሦስት፣ ቤት ውስጥ አንድ

ሰኞ፣ ኅዳር 4 ቀን 1982፤ ጧት

ሸማውን ገለጥኩ። አቧራውን ጠረግኩ። መጀመሪያ እስታብላይዘሩን፣ ቀጥሎ የኮምፒዩተሩን ሣጥን አበራሁ። እንደ ልማዱ ጉሮሮውን ጠራርጎ ተነሣ። አንደኛውን ክፍል ከፈትኩ፣ አማርኛ መጻፊያውን። ሁለተኛውን ከፈትኩ፣ ሒሳቡንና እንግሊዝኛውን። ሦስተኛው ላይ ስደርስ እጄ እምቢ አለኝ።

ደብተሬ፣ ነገር አበላሽቻለሁ። በዚህ በማያርፍ አፌ።

ከሥሩ ልንገርሽ፤ አንቺ አዲስ ነሽ፣ ያለቀችው ደብተር የምታውቀውን አታውቂም። ኮምፒዩተሩን ያመጣው የባለቤቴ የገመቹ ታናሽ ወንድም ቶሎሳ ነው። ሌላው ከውጭ አገር ተምሮ ሲመለስ ልብስና ቴፕ ይዞ ይመጣል፤ የኛው ሣጥን ተሸክሞ መጣ። አሁን ካቺሲ ተመድቦ ያስተምራል። እዚያ መብራት የለም፣ ሣጥኑ አምቦ እኔ ጋ ቀረ። የጽሕፈት መኪናዬን ሸጬ እስታብላይዘር ገዛሁለት። ማመልከቻ፣ የተማሪ ወረቀት፣ የሠርግ ጥሪ፣ የመጣውን ሁሉ እጽፍበታለሁ። ከስምንተኛ ክፍል ያቋረጠች ሴት ኮምፒዩተር ነካች ተብሎ ሰፈሩ በመስኮት ያየኝ ነበር፤ እኔም ደስ ይለኝ ነበር፣ ምን እደብቅሻለሁ።

ቶሎሳ ሲያስተምረኝ እንዲህ አለኝ፤ «እትዬ፣ ሣጥኑ አንድ ነው፣ ውስጡ ግን ሦስት ማሽን ይሠራል። እያንዳንዱ ብቻውን ያለ ይመስለዋል። አንዱ የሌላውን አያይም። አንዱ ቢደርቅ ሌሎቹ ሥራቸውን ይቀጥላሉ፣ የደረቀውን ብቻ ዘግተሽ ትከፍቺዋለሽ።» እኔ በራሴ መንገድ ያዝኩት። አንድ ግቢ፣ አንድ ቆጣሪ፣ አንድ ቧንቧ፣ ሦስት ተከራይ። ከሦስት በላይ ግን ግቢው አይችልም። አራተኛ ቢገባ ሁሉም ይታመማሉ።

ታዲያ ባለፈው ወር ቀበሌ፣ የጽሕፈትም ሆነ የማባዣ መሣሪያ ያለው ሁሉ ይመዝገብ አለ። ሄድኩ። መዝጋቢው ስንት ነው አለኝ። አንድ ብዬ ዝም ብል ምን ነበረበት! ወንድሜ ብታየው ሦስት ነው፣ ሦስቱም ባንድ ጊዜ ይሠራሉ፣ አንዱ ባንዱ ላይ አይደርስም እያልኩ ሰበክሁት። ሰውየው ራሱን ነቀነቀና ጻፈ፤ ኮምፒዩተር፣ 3። ጎንበስ ብዬ አየሁት። ያን ጊዜ የተሰማኝ ኩራት ነው። እግዜር ይየው።

ዛሬ ወሬው መጣ። ጉደር መንገድ ላይ ወረቀት ተበትኖ ተገኝቷል፣ መንግሥትን የሚሰድብ። በማን መሣሪያ እንደተጻፈ እየፈለጉ ነው። የተመዘገበ ሁሉ ይቆጠራል። እኔ ጋ ሐሙስ ይመጣሉ።

ቤት ውስጥ አንድ አለ። መዝገብ ላይ ሦስት። ሁለቱን ለማን ሰጠሽ ቢሉኝስ?

ከሰዓት በኋላ

ወደ ካቺሲ ለሚሄደው ሾፌር በቃል መልእክት ሰጠሁት። ወረቀት አልጻፍኩም። ለቶሎሳ፣ ሦስቱን ልጆች ሊያዩ እንግዶች ሐሙስ ይመጣሉ በልልኝ አልኩት። ሾፌሩ ሳቀ፤ እትዬ አሰገደች መቼ ነው ሦስት የወለድሽው አለኝ። እኔም ሳቅኩ። ሆዴ ግን አልሳቀም።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 5

ከገመቹ ጋር ተጨቃጨቅን። በሹክሹክታ ነው የምንጨቃጨቀው፤ ግድግዳው ስስ ነው፣ ከወዲያ ያለው ጎረቤት የአብዮት ጥበቃ ነው። ገመቹ፣ ሂጂና ተሳስቼ ነው፣ አንድ ነው በያቸው ይላል። እኔ ደግሞ፣ አንድ ነው ካልኩ ሁለቱን የት ደበቅሽ ነው የሚሉት እላለሁ። «ድሮም አፍሽን» አለና ተወው። ካኪ ካፖርቱን ለብሶ ወደ ክሊኒኩ ሄደ፤ ድሬሰር ነው። ቁርሱን ሳይበላ። ተከትዬው ወጥቼ ዳቦ ኪሱ ከተትኩለት። ዞር ብሎ አላየኝም፣ ግን ዳቦውን አልመለሰም።

እሱ መፍራቱ አይፈረድበትም። እሱ ቀምሶታል።

አሁን ስለ ሦስተኛው ክፍል ልንገርሽ። ቀስ ብዬ።

የገመቹ እናት አዮ ለንሳ የደጋዋ የጎጆ ከተማ ሰው ናት። መዝሙር ታወጣለች። በኦሮምኛ፣ ከራሷ፣ ድንች ስትልጥም በግ ስትጠብቅም። የጸሎት ቤታቸው በሩ ሲታሸግ መዝሙሩ በየሰው ቤት ቀረ። ገመቹ አንዱን በወረቀት ገልብጦ ኪሱ አደረገ። ፍተሻ ላይ አገኙት። ኦሮምኛ ነው፣ አላነበቡትም፣ ምን እንደሚል አልጠየቁም። ታሰረ። ሲወጣ ፀጉሩ ሸብቶ ነበር። ከዚያ ወዲህ እዚህ ቤት የኦሮምኛ ወረቀት አይገባም።

እኔ የማርያም ልጅ ነኝ፣ የእነሱን መዝሙር አልዘምርም። ግን ሣጥኑ ሲመጣ አዮ ከጎጆ ወርዳ እኛ ጋ ተቀመጠች፤ እሷ ትላለች፣ እኔ በኛው ፊደል እጽፋለሁ። ሦስተኛው ክፍል የሷ ሆነ። ስሙንም «ለንሳ» ብዬ አወጣሁለት። መስታወቱ ላይ ቃሏን ስታይ ሣጥኑን ትዳብሰው ነበር፣ እንደ ላም።

መስከረም ላይ ግማሽ አካሏ ተያዘ። ምላሷም። አሁን ዜማውን ታንጎራጉራለች፣ ቃሉ አይመጣላትም። ትጀምራለች፣ ቃሉን ትፈልጋለች፣ ዓይኗ ይሞላል። አብረዋት ይዘምሩ ከነበሩት የሞተው ሞቷል፣ የቀረው ተበትኗል። ቃሉ ሁሉ ያለው እዚያ ክፍል ውስጥ ነው። ሌላ የትም የለም።

እና ደብተሬ፣ ፍርሃቴን ተረዳሽልኝ? ሦስት ማሽን አሳዪ ሲሉኝ ሦስተኛው ይሄ ነው።

ረቡዕ፣ ኅዳር 6

ሾፌሩ ተመለሰ። ጭቃ በጭቃ ሆኖ። ቶሎሳ ያለው፤ ሦስተኛዋን ልጅ አስተኚያት፣ በቦታዋ የጎረቤት ልጅ አስቀምጪ። እኔ አልመጣም፣ ፈቃድ አይሰጡኝም፣ ብመጣም ይታያል።

ገባኝ። ማስተኛት አስተምሮኛል፣ ሞክሬው ግን አላውቅም። ክፍሉ ይዘጋል፣ ቦታ ይለቃል፣ ያለው ሁሉ ሣጥኑ ሆድ ውስጥ ይተኛል። ከዚያ ሌላ አዲስ ክፍል በቦታው ይከፈታል። ከሦስት አያልፍም።

ባዶ ዲስክ ቢኖረኝ ገልብጬ አወጣው ነበር። ባዶዎቹን ቶሎሳ ይዟቸው ሄዷል። ሾፌሩ ይዞ ሲመጣ ኬላ ላይ ቢያዝ የሰው ቤት አፈርሳለሁ። የማተሚያው ሪባንም ደርቋል። ቢረጥብስ? ጩኸቱን ጎረቤቴ እየቆጠረ ይሰማዋል።

አንቺ ላይ ልጻፈው? አሰብኩት። ያንቺን አማርኛ ገለጥ አድርገው የሴት ወሬ ነው ብለው ይጥሉሻል። ኦሮምኛ ካዩ ግን ይቆማሉ። አይሆንም።

ሞከርኩ። አስተኛሁት። መስታወቱ ጠቆረ።  ቀሰቀስኩት። ቆየ… ቆየ… መጣ። የመጀመሪያው መስመር ብቅ ሲል ጮክ ብዬ ተመስገን አልኩ። አዮ ከጓዳ ምነው በሚል ድምፅ አቃሰተች። ምንም አይደለም አዮ፣ ሂን ሶዳቲን አልኳት። አትፍሪ። እኔው ፈሪዋ።

መልሼ አስተኛሁትና በቦታው ባዶ ክፍል ከፍቼ የሠርግ ጥሪ ጻፍኩበት። ሙሽሮቹን ከራሴ ፈጠርኳቸው።

ሐሙስ፣ ኅዳር 7፤ ከሰዓት

መጡ። ሄዱ። 

ሦስት ናቸው። የወረዳው ጓድ፣ የቀበሌያችን ሊ/መንበር፣ እና ጎረቤቴ አብዮት ጥበቃው ከነጠብመንጃው። ጎረቤቴ ዓይኔን አላየኝም። ትናንት ጨው ተበድሮኝ ነበር።

የወረዳው ጓድ ሳይቀመጥ ቤቱን ዞረ። አልጋ ሥር አየ። «አንዱ ይኼ ነው። ሁለቱስ የታሉ?» አለ። እዚሁ ናቸው ጓድ አልኩት። «የቱ ጋ?» ውስጡ ናቸው አልኩ። ሊ/መንበሩ ወ/ሮ አሰገደች አይቀልዱ አለኝ። ቀልድ ከየት ይምጣልኝ!

አንደኛውን አሳየሁ። ቁልፍ ነካሁ፣ መስታወቱ ተለወጠ፣ ሁለተኛው። እንደገና፣ ሦስተኛው። ጓዱ አላመነም። ይኼ ገጽ መግለጥ ነው፣ ሦስቱን ባንዴ አሳዪኝ አለ። መስታወቱን ለሦስት ከፈልኩት። በአንደኛው ሒሳብ እንዲደምር አዘዝኩት፤ እሱ እየደመረ በሌላው ጻፍኩ። ሊ/መንበሩ ጣቱን መስታወቱ ላይ አድርጎ ቆጠረ፤ «ቶኮ፣ ለማ፣ ሰዲ።» ፊቱ እንደ ልጅ በራ። ለካ እሱም ፈርቶ ነበር፤ መዝገቡ የሱ ነዋ። ከመዝገቡ ጋር ካልገጠመ እሱም ይጠየቃል።

ልተንፍስ ስል የወረዳው ጓድ ጎንበስ አለ። ከጥጉ የክፍሎቹ ስም ይታያል። የተኛውም ስም ይታያል! ይሄን ረስቼው ነበር። ትናንት ስሞክር አይቼው ቁም ነገር አላልኩትም።

«ለንሳ ማናት?» አለ።

 ወንበሩን ያዝኩ። አማቴ ናት አልኩ። የት ናት አለ። ታማ ተኝታለች አልኩት። እንዳልኩት አዮ ከጓዳ ማንጎራጎር ጀመረች፤ ያለ ቃል፣ ያንኑ ዜማ። ሦስቱም ወደ ጓዳው በር ዞሩ። ጎረቤቴ ገብቶ አየ። «አሮጊት ናቸው ጓድ፣ መናገር አይችሉም» አለ። ሲወጣ መጋረጃውን መለሰው፣ ቀስ አድርጎ። ለዚህ ጨዉን ምሬዋለሁ።

ጓዱ ደብተሩ ላይ ጻፈ። በሥራ ላይ ያሉ፣ ሦስት። አዳንኩት አልኩ።

ከበሩ ላይ ሊ/መንበሩ ተመለሰ። ደስ ብሎት። ወ/ሮ አሰገደች፣ የኛ ቢሮ አንድም የለው፣ እርስዎ ጋ ሦስት አለ። አንዱን ለኅብረተሰቡ ያውሱ አለኝ። ምኑን ነው የማውሰው፣ ተያይዘው ነው ያሉት አልኩ። ጓዱን አየው፤ ጓዱ በአዎንታ ራሱን ነቀነቀ። እንግዲያው ሣጥኑን እንወስደዋለን አለ ሊ/መንበሩ። በአንዱ እኛ እንሠራለን። ሁለቱ የእርስዎ ናቸው፣ ማንም አይነካብዎትም።

አልሳቁም። እኔም አልሳቅኩም። ከሚካኤል ማግስት፣ ረቡዕ፣ ጋሪ ይዘው ይመጣሉ።

ዓርብ፣ ኅዳር 8

ገመቹ ነገሩን ሲሰማ ተቀመጠ።  ከዚያ፣ አጥፊው አለኝ። ሦስተኛውን።

የናትህ ነው አልኩት። ያውቃል። እያወቀ ነው የሚለው። ሣጥኑ ቀበሌ ገብቶ የሚያውቅ ሰው ከአ.አ. ቢያመጡ፣ የተኛውን ቢቀሰቅሱ፣ ከላይ የናቴ ስም፣ ከታች የኔ ቤት፣ አለ። አሁን ደግሞ የምታሰረው ለብቻዬ አይሆንም፣ አንቺም ቶሎሳም ናችሁ አለ። ለራሱ ቢሆን ዝም ይል ነበር ብዬ አስባለሁ።

ክፍሉን መዝጋት ብቻ አይበቃም። በሩ ቢዘጋም ዕቃው እዚያው ነው። ማጥፋት ሌላ ነው። የጠፋ አይመለስም፤ ቶሎሳ ደጋግሞ ነግሮኛል።

አዮ ዛሬ ሾርባውን አልውጥ አለች። የሰማች ይመስለኛል።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 9፤ ረፋድ

አንድ ነገር መጣልኝ። ደፋር ነገር አይደለም። ሌላ ማስቀመጫ ስለሌለ ነው።

አዮን ደግፌ አምጥቼ ከሣጥኑ ፊት አስቀመጥኳት። የሠርግ ጥሪውን አስተኝቼ ሦስተኛውን ቀሰቀስኩ። የመጀመሪያውን መዝሙር ከመስታወቱ አነበብኩ፤ ዜማውን እሷ ያዘችው። ዓይኔን ጨፍኜ ደገምኩት። ተሳሳትኩ። ጉልበቴን መታችኝ፣ በደህናው እጇ። ኦሮምኛዬ የገበያ ነው፣ ታውቂያለሽ፤ ስንት ነው፣ ቀንሽልኝ፣ አከም ቡልቴ፣ እንዴት አደርሽ። መዝሙር ሌላ ነው። እንደገና። መታችኝ። እንደገና።

ሲገጥምልኝ እጄን ጨበጠችው።

ያ ዋቃ፣ ሃርካ ኮ ቀቢ። እግዜር ሆይ፣ እጄን ያዝ ማለት ነው። ይቺን አንድ መስመር ብቻ ላንቺ።

ሰው ሁሉ ገበያ ነው፣ ጫጫታው ይሸፍነናል። ደንበኞች በር ሲያንኳኩ ማሽኑ ታሟል እላለሁ። ማንም አልጠረጠረም፤ መብራት ሲዋዥቅ ይታመማል።

እሑድ፣ ኅዳር 10

ቅዳሴ ቆሜ ከንፈሬ ሌላ ሲል ያዝኩት። ማርያም ይቅር በይኝ አልኩ። አጠገቤ የቆመችው ሴት ምን እያልሽ ነው ብላ አየችኝ። ሳልኩ። ስመለስ መንገዱን ሙሉ አንገቴን ሳላዞር ሄድኩ።

ከግማሹ በላይ ይዣለሁ። ግን ፍርሃት ነገር ያስረሳል። ጠብመንጃውን ባሰብኩ ቁጥር አንድ መስመር ይወድቃል። የጠፋው መስመር ጠዋት ሰባት ጊዜ በቃሌ ያልኩት ነው! በረንዳ ላይ ቆሜ እየፈለግኩት ጎረቤቴ አለፈ። ቆመ። «እትዬ፣ ቀስ ይበሉ፣ ግድግዳው ስስ ነው» አለኝና ሄደ።

ምን ማለቱ ነው? ማስጠንቀቁ ነው? ነገ ሊናገር ነው? ለገመቹ አልነገርኩትም።

ሰኞ፣ ኅዳር 11

ጎረቤቴ አልተናገረም። እስካሁን።

ገመቹ ከሥራ ሲገባ ያዘን። እኔ ዓይኔን ጨፍኜ፣ እናቱ ጉልበቴን እየመታች። በሩ ላይ ቆሞ ቀረ። ይቆጣል ብዬ ተሸማቀቅኩ። ገብቶ ቁጭ አለ። አንዱ ጋ ስሰናከል ቃሉን ሰጠኝ። በሹክሹክታ። ከታሰረ ወዲህ ከአፉ ሲወጣ የሰማሁት የመጀመሪያው ነው፤ ያቺው መዝሙር፣ ያሳሰረችው። እሷን አልረሳትም። ሌሎቹን ግን አያውቃቸውም፣ መማርም አልፈልግ አለ። «እኔን ከመቱኝ እናገራለሁ አሰጉ፣ ራሴን አውቀዋለሁ» አለኝ። 

እኔስ? እኔ ሳይመቱኝ የምናገር ነኝ። ሦስት ማሽን አለኝ ብዬ መዝገብ ላይ ያስጻፍኩ ሴት። አዮ ቃሏን የምታስቀምጠው አምቦ ውስጥ ወሬ በማያድርባት ሴት ሆድ ነው። እስክሞት እስቅ ነበር፣ ባልፈራ።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 12፤ ሚካኤል

ቤተ ክርስቲያን አልሄድኩም። ሚካኤል ያየኛል።

ከጧት ጀምሮ ሁሉንም ሳላይ አልኩት። አንድ ቦታ ተመታሁ፣ አስተካከልኩ፣ እንደገና ከመጀመሪያው አልኩት፣ አልተመታሁም። አዮ ወደ አልጋዋ ውሰጂኝ በሚል ዓይን አየችኝ። ሲጠፋ ማየት አልፈለገችም። አስተኛኋት።

የወሰንኩት ይሄ ነው፣ ላንቺ ልንገርሽ። ሦስተኛውን አጠፋዋለሁ። አንደኛውና ሁለተኛው ይሂዱ፣ የሠርግ ጥሪዋም ትሂድ፣ ሙሽሮቹን ቀበሌ ይዳራቸው። ከነገ ጀምሮ ቤቴ የሌሉ ሁለት ማሽኖች በስሜ ተመዝግበው ይኖራሉ። አንድ ቀን አምጪ ይሉኛል። ያን ቀን እፈራዋለሁ። ከእንግዲህ ደግሞ ከዚህ ቤት የሚወጣ ወሬ ይቀንሳል። ሰው አሰገደች ምን ነካት ይበል።

አሁን ሣጥኑ ፊት ነኝ፣ አንቺ ጉልበቴ ላይ ነሽ። አጥፋ አልኩት። እርግጠኛ ነሽ ወይ ይላል፤ ቶሎሳ ትርጉሙን ነግሮኛል። አዎ የሚለው ቁልፍ ላይ ጣቴ አለ። ከጓዳ ዜማው ይሰማኛል።

አንድ ጊዜ ልድገማቸውና ልጫነው።

የግቢው በር ተንኳኳ። ነገ ነበር ያሉት። የጋሪ ድምፅ አለ። ገመቹ ተነሣ፣ በእጁ ቆዪ አለኝ፣ ወጣ።

ጫንኩት።

መስታወቱ ባዶ ነው። ሊ/መንበሩ ከውጭ እየሳቀ ነው፣ መንገድ ላይ ሳለን እንውሰደው ብለን ነው ይላል። እግራቸው በረንዳው ላይ ነው፣ አሁን አንቺን ልደብቅ። የመጀመሪያውን መዝሙር ልበለው፣ እዚሁ አለ፣ አልወደቀም፤

ያ ዋቃ፣ ሃርካ ኮ